አርባ ደቂቃ

በኦስተንድ ወደብ ፊት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የኢንሹራንስ ቢሮ፣ መስኮቱ ባሕር የሚያይ፣
አዲስ ግራጫ ምንጣፍ፣ ሁለት ወር ያልሞላው፣
ከመሐሉ አብጦ ስፌቱን አላላው።
አንዷን ሠራተኛ ተረከዟን ይዟት
ከነሾርባዋ ወደቀች፤ ፋይሉ ጠጣላት።

ስደርስ ሦስት ሰው ቆሟል፣ ሦስት ጣት ቀስሮ፤
አንድም ጣት አልነበር ወደ ራሱ ዞሮ።
ዮስት፣ የፋብሪካው ሰው፣ ከኮርትራይክ የመጣ፦
«የአንጣፊው እጅ ነው፤ ከእኛ እንከን አይወጣ።»
ሊስቤት፣ የሕንጻው ሹም፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፦
«ማስቲሹ ርካሽ ነው፤ ማን ገዛው? እንጠይቅ።»
ዋነስ ግን፣ አንጣፊው፣ ጉልበቱ ያበጠ፣
«ሊሾው ነው» አለና ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

እኔ ሰው አልጠይቅም። ሰው ማመካኘት ያውቃል፤
ሰው ቀኑን ይረሳል፣ ሰው ቃሉን ያርቃል፤
ማስቲሽ ግን እንደነኩት፣ እንደተዉት ይደርቃል።

ተንበርክኬ ጥጉን በቢላ ጫፍ ያዝኩ።
«ክርርር» የሚል ድምፅ ነበር የጠበቅኩ፤
በወጉ የተጣበቀ ሲላጥ ይጮኻል።
ይሄ ዝም አለ።
ማንም ምላሱን እንዳላስነካው ፖስታ
ዝም ብሎ ተከፈተ፤
ወለሉም ወለል አለ።

ጥርሳም ካዙላ ያሰመረው ትልም
አንዱም አልተደፈጠጠ፣ ሮለር አላለፈበትም።
በጣቴ ብዳስሰው ደረቅ፣ የሚቧጥጥ፤
የምንጣፉ ጀርባ ንጹሕ፣ አንዲት ነጥብ አልያዘም።
ጎን ለጎን ተኝተው ያልተነካኩ ሁለት።
ማስቲሹ ተቀብቶ ጠብቋል፤ ጠብቆ ጠብቆ
እንደ ቀዘቀዘ ወተት ቆዳ አውጥቷል፤
ምንጣፉ ሲደርስ አፉን ዘግቷል።

በመስኮቱ በኩል ሌላ ጥግ አነሣሁ።
እዚያ ደግሞ እርጥብ ነው፤ ነጭ፣ የሚዝለገለግ፣
የከረመ ዓሣ የሚሸት።
ውሃ ጠብ አድርጌ መሞከሪያ ወረቀት አስነካሁት፤
ሰማያዊ ሆነ፣ ጠቆረ፣ በር እንደ ቀጠቀጠው ጥፍር።
ሊሾው ገና ያልባል፤ ላቡ ኖራውን ሽቅብ ይዞ
ማስቲሹን ሳሙና ያደርገዋል።
ፋይሉን ገለጥኩ። ከፈሰሰ በዐሥራ ዘጠኝ ቀኑ
«ይነጠፍ» የሚል ፊርማ፣ ሰፊ፣ ቸኳይ።
ሊስቤት ካፖርቷን አወለቀች።

ዋነስ እፎይ ይላል ብዬ ነበር።
አላለም። ተነሥቶ እየነከሰ መጣና
ወደ ክፍሉ መሐል፣ ደረቁ ላይ ጣለ ዓይኑን።

«ያ የሊሾው አይደለም» አለ፤ «እሱ የእኔ ነው።
መኪናህን አንሣ አሉኝ፣ መንገድ ዘግቷል ብለው።
አነሣሁ። ስመለስ ድልድዩ ተከፈተ፤
አንዲት ነጭ ጀልባ፣ አንድ ሰውና አንድ ውሻ፣
ቀስ ብላ... ቀስ ብላ... ሰውየው እጁን አውለበለበልን!
አርባ ደቂቃ።
ዮርን፣ ተለማማጄ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።
‹ከምታነጥፈው በላይ አትቀባ› ብዬው ነበር፤
ያልኩት መስሎኝ ነበር።
ሊያስደስተኝ ክፍሉን ሙሉ ቀብቶ ጠበቀኝ፤
መስመሩ እንዴት ያምር ነበር! ክር የተወጠረ ይመስል።
ዳሰስኩት። አወቅኩት።
ልጁ ፊት ፊቴን ያያል።
‹ጎበዝ› አልኩት፤
አነጠፍን።»

ዮስት ስልኩን አወጣ፣ ለፋብሪካው ሊያበሥር።
እኔም ጻፍኩ፦ መሐሉ፣ ከጊዜው በላይ ክፍት የቆየ ማስቲሽ፤
በመስኮቱ በኩል፣ ያልደረቀ ሊሾ፤
ምንጣፉ ጤነኛ።
በቅጹ ላይ ሣጥኖች አሉ፣ ሃያ አንድ ሣጥኖች፤
ለ«ጎበዝ» የሚሆን ፈለግኩ፣ አጣሁ፤
ባዶውን ኅዳግ ትንሽ አየሁትና ፈረምኩ።

ዋነስ ቢላዬን አጥፎ ሰጠኝ።
ከታች የድልድዩ ደወል ተደወለ፤
አራታችንም ሰዓታችንን አየን።